«ደርሰዋል» ከተባለ በኋላ የሚቀረው መንገድ

የስልክ መንገድ መሪ መተግበሪያዎች ምን ያህል ትክክል ናቸው ተብሎ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ቁጥር ነው። ሰማዩ ባልተጋረደበት ቦታ አንድ ተራ ስማርት ስልክ ያለበትን ስፍራ በ5 ሜትር ገደማ ስሕተት ያውቃል ይባላል፤ የአሜሪካ መንግሥት፣ ስልኮች ያሉበትን ቦታ ስለሚያውቁበት የሳተላይት ሥርዓት ስለ ጂፒኤስ የሚያወጣው መረጃም 4.9 ሜትር ይላል። ለሚያይ ሰው ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ስልኩ እስከ በሩ አካባቢ ካደረሰው የቀረውን ዓይኑ ይጨርስለታል። ለዓይነ ስውር ግን አምስት ሜትር ማለት በአስፋልቱና በእግረኛ መንገዱ መካከል፣ ወይም በእግረኛ መንገዱና ክዳኑ በተነሣ ዲች መካከል ያለ ርቀት ነው። እኔን ከስሕተቱ መጠን ይልቅ የሚያሳስበኝ መተግበሪያው መጠራጠሩን እያወቀ ለእኛ የማይነግረን መሆኑ ነው።

እኔ ጭላንጭል ካላቸው ሰዎች ወገን ነኝ። ብርሃንና የትልልቅ ነገሮችን ጥላ እለያለሁ፤ የሰው ፊት፣ የታፔላ ጽሑፍና የመንገድ ጉድጓድ ግን አይታየኝም። የምኖረው ደሴ ነው፤ ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ፤ ነጭ በትሬና ስልኬ ከእጄ አይለዩም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በአገራችን የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዝቅተኛ ዕይታ ያለው መሆኑን አሳይቶ ነበር፤ ይህም ዝቅተኛ ዕይታ ያለው ሰው ዓይነ ስውር ከተባለው በቁጥር ከእጥፍ በላይ እንደሚሆን ይናገራል። ሆኖም የካርታ መተግበሪያዎች አንድም ሙሉ ለሙሉ ለሚያይ፣ አንድም ሙሉ ለሙሉ ለሚያዳምጥ ሰው የተሠሩ ይመስላሉ። በረፋድ ፀሐይ፣ ስስ ሰማያዊ መስመር በነጭ ካርታ ላይ ተስሎ ሲቀርብልኝ፣ ያችን መስመር ለማግኘት ስልኩን አፍንጫዬ ላይ ማስጠጋት ይኖርብኛል፤ በዚያ ቅጽበት ደግሞ ከፊቴ ያለውን መንገድ ፈጽሞ አላየውም።

ይህን ሁሉ የምለው መሣሪያውን ለማጣጣል አይደለም። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ሲወርድ፣ ጂፒኤስ ለእኔ የሰጠኝን ነጻነት በቀላሉ ልገልጸው አልችልም። ቀድሞ ሚኒባስ በተሳፈርኩ ቁጥር ረዳቱን «ወንድሜ፣ እባክህ እገሌ ጋ ስንደርስ ንገረኝ» ብዬ እማጠን ነበር፤ ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ፣ መልስ ሲመልስ፣ ከሌላ ተሳፋሪ ጋር ሲከራከር ይረሳኛል፤ ሲያስታውሰኝ መውረጃዬ አልፏል። አሁን ማዳመጫውን በአንድ ጆሮዬ ብቻ እሰካለሁ፤ ሌላውን ጆሮዬን ለመኪናውና ለሰው ድምፅ እተወዋለሁ። መውረጃዬ ሲቃረብ ከማንም ቀድሜ «ወራጅ አለ!» የምለው እኔ ነኝ። በዚህ ሥራ ላይ የ10 ወይም የ20 ሜትር ስሕተት ዋጋ የለውም፤ ሚኒባሱ ራሱ ከዚያ በላይ ርቆ ሊቆም ይችላል። ችግሩ የሚጀምረው እግሬ መሬት ከነካ በኋላ ነው።

ለምን እንደሚሳሳት ማወቅ መቼ ማመን እንዳለብን ስለሚያስተምር ጥቂት ልዘርዝር። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው እየዞሩ፣ የት እንዳሉና ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ያለማቋረጥ ያሰራጫሉ፤ ስልኩ ምልክቱ በመንገድ ላይ የቆየበትን ጊዜ ወደ ርቀት ይለውጣል። ስልኩ ያለበትን ቦታ በሦስት አቅጣጫ፣ በተጨማሪም የገዛ ሰዓቱን ዝንፈት ማስላት ስላለበት ቢያንስ አራት ሳተላይቶችን መስማት አለበት። የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ስሕተት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ምልክቱን ለቅንጣት ጊዜ የሚያዘገይ ማንኛውም ነገር በእግር ሊቆጠር የሚችል ስሕተት ይሆናል። የደሴ ጉም ከእነዚህ ውስጥ አይደለም። ብዙ ሰው ሰማዩ ሲደፈን ጂፒኤስ የሚደክም ይመስለዋል፤ ምልክቱ ግን ደመናንና ዝናብን ያለ ችግር ያልፋል።

ምልክቱን በእርግጥ የሚያስቸግረው ከደመና እጅግ ከፍ ብሎ ያለው አዮኖስፌር የሚባለው የአየር ንብርብር ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ፣ ይህ ንብርብር በእኛ አካባቢ ከብዙው የዓለም ክፍል ይልቅ ይረበሻል፤ በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት፣ ይበልጡንም ፀሐይ በየ11 ዓመቱ ገደማ እንቅስቃሴዋ በሚበረታበት ጊዜ። ምልክቱን በሁለት የሬዲዮ ሞገድ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) የሚቀበሉ ስልኮች ይህን መዘግየት አስልተው ሊያስወግዱት ይችላሉ፤ እንዲህ ያለው አሠራር ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስማርት ስልኮች ላይ መታየት ጀምሯል፤ አብዛኞቻችን በምንገዛቸው ርካሽ ስልኮች ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። መምሸቱ ለጭላንጭል ዕይታ ከባዱ ሰዓት ነው፤ መሣሪያውም የሚደናገረው በዚያው ሰዓት መሆኑ ያሳዝነኛል።

ወደ ምድር ስንወርድ ጦሳና አዝዋ ገደል አሉ። ደሴ በተራሮች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከአድማሱ ዝቅ ብለው ያሉት ሳተላይቶች ከተራራው ጀርባ ይቀራሉ፤ የቀሩት ከራስ በላይ ተሰባስበው ሲገኙ ስሌቱ ይዳከማል። በዚያ ላይ ጠባቡ የሰፈር መንገድ በቆርቆሮ አጥር የታጠረ ነው። ቆርቆሮ የሳተላይት ምልክትን ያነጥራል፤ ስልኩ ቀጥታ የመጣውንና ነጥሮ የመጣውን መለየት ሲያቅተው ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ያለሁ አድርጎ ይቆጥረኛል። ኮምቦልቻ ላይ ሜዳው ሰፋ ስለሚል ያው ስልክ፣ ያው መተግበሪያ የተሻለ ይሠራል። ወሎ ውስጥ ትክክለኛነት ከከተማ ከተማ ብቻም ሳይሆን ከሰፈር ሰፈር ይለያያል።

ይሁንና ከሳተላይቱ ስሕተት በላይ ያስቸገረኝ ነገር የደሴ አቀማመጥ ነው። አንድ ቀን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ስሄድ መተግበሪያው በእንግሊዝኛ መድረሻዬ በቀኝ በኩል እንደሆነና እንደደረስኩ ነገረኝ። በትሬን ወደ ቀኝ ስሰድ የነካሁት ከቁመቴ የሚበልጥ የድንጋይ ድጋፍ ግንብ ነበር። ግንቡን በእጄ እየዳበስኩ ወደፊት ስሄድ በር የለውም፤ ስመለስም የለውም። አጠገቡ ቆሎ የምትሸጥ እናት ሁኔታዬን አይታ፣

«ወዴት ነህ የኔ ልጅ?» አለችኝ።

የመሥሪያ ቤቱን ስም ነገርኳት።

«እሱማ ከላይኛው መንገድ ነው እኮ፤ በዚህ ግንብ አይወጣም። ወደመጣህበት ተመለስና ደረጃውን ይዘህ ትወጣለህ፤ ደረጃው ላይ ድንጋዩ የተፈነቀለ አለ፣ ግራህን ይዘህ ውጣ። አብሽር፣ ይች ልጅ ታድርስህ።»

በካርታው ላይ እኔና የመሥሪያ ቤቱ በር የምንራራቀው በጥቂት ሜትሮች ነበር። የስልኩ ስሌት ምናልባት ምንም ዝንፈት አልነበረበትም፤ ካርታው ግን ጠፍጣፋ ነው። በደሴ ሁለት መንገዶች አንዱ ከሌላው በላይ ተደራርበው፣ በመካከላቸው ግንብ ወይም ገደል ይኖራል፤ መተግበሪያው ደግሞ ተጓዡን ለሕንፃው ምልክት ወደሚቀርበው መንገድ ይወስደውና ሥራዬን ጨርሻለሁ ይላል። ከፍታ ሊረዳው ይችል ነበር እንዳይባል፣ ሳተላይቶቹ ሁሉ ከበላያችን እንጂ ከበታቻችን ስለማይኖሩ የከፍታ ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ ከጎን ለጎኑ ስሕተት ይበልጣል። የእኚያ እናት አነጋገር ግን አቅጣጫውን፣ ደረጃውን፣ የተፈነቀለውን ድንጋይና ግራውን የያዘ ነበር። እስካሁን ካጋጠሙኝ መተግበሪያዎች ሁሉ ከእነዚህ አራቱን አንድ ላይ የነገረኝ የለም።

የአቅጣጫው ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ጂፒኤስ የት እንዳለን እንጂ ወዴት ዞረን እንደቆምን አያውቅም። እየተራመድን ከሆነ ካለፍንበት ነጥብ ተነሥቶ ይገምታል፤ ቆመን ከሆነ ግን በስልኩ ውስጥ ባለው ኮምፓስ ላይ ይተማመናል፤ ኮምፓሱም በብረት በር፣ በቆመ መኪና፣ በማግኔት በሚዘጋ የስልክ ሽፋን ይታወካል። ስለዚህ «ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሂዱ» ተብሎ የሚጀምር ጉዞ ከመጀመሪያው እርምጃ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። እኔ ከቤቴ ስወጣ መጀመሪያ በማውቀው አቅጣጫ ጥቂት እራመዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ድምፁን የምሰማው። አዲስ ለሚጀምሩ ወዳጆቼም ይህንኑ እመክራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በካርታው ላይ ሰማያዊዋን ነጥብ የከበበ ፈዛዛ ክብ አለ። ክቡ ሲሰፋ ስልኩ እርግጠኛ አይደለም ማለት ነው፤ ሲጠብ እርግጠኝነቱ ጨምሯል። የሚያይ ሰው ይህን ክብ ባያስተውለውም እንኳ ያየዋል፤ ነጥቧ ስትዋልል ደግሞ «አሁን አታምነውም» ብሎ ለራሱ ይነግራል። ለእኛ ግን ይህ ክብ ድምፅ የለውም። ድምፁ «20 ሜትር ከሄዱ በኋላ ወደ ግራ ይታጠፉ» ሲል፣ ስልኩ በ3 ሜትር እርግጠኛ በሆነበት ሰዓትም በ40 ሜትር በሚዋልልበት ሰዓትም በአንድ ዓይነት ልበ ሙሉነት ይናገራል። የሚገርመው ቁጥሩ በስልኩ ውስጥ አስቀድሞ መኖሩ ነው፤ አንድሮይድ ለእያንዳንዱ መተግበሪያ ከቦታው ጋር የስሕተቱን ስፋት አብሮ ይሰጣል። ይህም ቁጥር ራሱ በጥንቃቄ መወሰድ ያለበት ነው፤ እንደ አንድሮይድ ትርጓሜ በትክክል በክቡ ውስጥ የመገኘታችን ዕድል 68 በመቶ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ስልኩ «5 ሜትር» ብሎ ሲያስብ ከሦስቱ ጊዜ በአንዱ ገደማ ከዚያ ውጭ ልንሆን እንችላለን። ለሚያይ እግረኛ ይህ ተራ ነገር ነው፤ እኔ ግን መንገድ ልሻገር ስል ይህን ማወቅ መብቴ ነው።

ስለዚህ ከመተግበሪያ ሠሪዎች የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ክቡን ድምፅ ስጡት። «በ5 ሜትር ውስጥ»፣ «እርግጠኛ አይደለሁም፣ 30 ሜትር ሊሆን ይችላል» ብሎ ይናገር፤ እርግጠኝነቱ ሲወርድ የመታጠፊያ ትእዛዝ መስጠቱን ትቶ «በአቅራቢያዎ ሰው ይጠይቁ» ይበል። በ30 ሜትር መዋለሉን የነገረኝን መሣሪያ በትሬን አጥብቄ፣ ጆሮዬን ከፍቼ፣ ከሰው ጋር ተነጋግሬ ልጠቀምበት እችላለሁ። እርግጠኛ መስሎ የሚሳሳት መሣሪያ ግን እነዚህን ጥንቃቄዎች ሁሉ ያስጥለኛል፤ ጉዳቱም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ይህ ሐሳብ ከባዶ የተነሣ አይደለም። የጂፒኤስን ምልክት ለዓይነ ስውራን መንገድ መሪነት ለማዋል በመጀመሪያ ከደከሙት መካከል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ያስተምሩ የነበሩት የጂኦግራፊ ምሁር ሬጂናልድ ጎሌጅ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1984 ዕይታቸውን ካጡ በኋላ ከሥነ ልቦና ምሁሩ ጃክ ሎሚስና ከሮበርታ ክላትስኪ ጋር ሆነው ያዘጋጁት መሣሪያ መጀመሪያ ላይ በጀርባ የሚታዘል ነበር። በዚያ ዘመን የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል የሚለቀቀውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር፤ ማዛባቱ የቀረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ነው። ጎሌጅ ካርታን የሚያውቅ ሰው ዓይኑን ሲያጣ ምን እንደሚጎድለው በራሳቸው ሕይወት ያወቁ ሰው ነበሩ፤ ለዚህም ይመስለኛል የእነርሱ መሣሪያ ከትእዛዝ ይልቅ በዙሪያ ያለውን ነገር ማሳወቅ ላይ ያተኮረው። ከእነርሱ በኋላ የማይክሮሶፍቱ ሳውንድስኬፕ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ መንገዱን ለሰውየው ትቶ፣ መድረሻው ካለበት አቅጣጫ የሚመጣ ድምፅ በጆሮው ያሰማው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ኩባንያው የፕሮግራሙን ኮድ ለሕዝብ ለቅቆ አገልግሎቱን አቋረጠ፤ ሌሎችም ከዚያው ኮድ ተነሥተው ቀጠሉበት።

ከሳውንድስኬፕ ታሪክ የወሰድኩት አንድ ነገር አለ። መተግበሪያው ቢቋረጥም ይጠቀምበት የነበረው ካርታ፣ ኦፕን ስትሪት ማፕ፣ አልጠፋም። ይህ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የተጀመረ፣ ማንም ሰው ሊያርመውና ሊጨምርበት የሚችል ነጻ ካርታ ነው። ዛሬ የምወደው መተግበሪያ ነገ ሊዘጋ ይችላል፤ ካርታው ላይ የተመዘገበ የአንድ ሆስፒታል በር ግን ለሚቀጥለውም መተግበሪያ ያገለግላል። ድካማችንን የት እንደምናፈስስ ሲጠየቅ የእኔ መልስ ካርታው ላይ የሚል ነው።

በካርታው ላይ ያለው የእኛ አካባቢ ጉድለት ደግሞ ግልጽ ነው። ሕንፃው ወይም ግቢው በመካከሉ በተቀመጠ አንድ ነጥብ ይወከላል፤ በሩ አይመዘገብም። ሰፊ ግቢ ያለው ሆስፒታል ወይም ትምህርት ቤት አንድ በር ብቻ ኖሮት፣ መተግበሪያው ግን ወደ አጥሩ ጀርባ ሊወስደን ይችላል። በኮሪደር ልማት መንገድ ሲሰፋና አጥር ሲነሣ ካርታው በድሮው ላይ ይቀራል። የሰፈር አጠራራችንም ሌላ ነው፤ ሰው ቦታን የሚያውቀው በቤት ቁጥር ሳይሆን ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ፣ ከሸዋ በር መስጊድ ከፍ ብሎ፣ ከእገሌ ወፍጮ ፊት ለፊት እያለ ነው። ለዓይነ ስውር እነዚህ ምልክቶች ከቁጥር ይበልጣሉ፤ ወፍጮው ይጮኻል፣ ዳቦ ቤቱ ይሸታል፣ ከመስጊዱ አዛን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ ይሰማል።

ስለ ኢንተርኔትም አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም በእኛ አካባቢ ለረጅም ጊዜ የተቋረጠበትን ወቅት ሁላችንም እናስታውሳለን። የሳተላይቱን ምልክት ለመቀበል ኢንተርኔት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ካርታውን ለመጫን ነው፤ ስለዚህ ካርታውን አስቀድሞ የሚያወርድ እንደ ኦስማንድ ወይም ኦርጋኒክ ማፕስ ያለ መተግበሪያ መያዝ ይበጃል። ኢንተርኔት ከሌለ ስልኩ የሳተላይቶቹን መገኛ ከኔትወርክ ስለማያገኝ በቀጥታ ከሳተላይቱ መስማት አለበት፤ ለዚህም ምልክቱ ሳይቋረጥ 30 ሰከንድ ያህል፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከቤት ወጥቶ ክፍት ቦታ ላይ ጥቂት ደቂቃ መቆም የጠፋ ጊዜ አይደለም።

ሰው መጠየቅን በተመለከተ የወሎ ሰው ደግነት ተነግሮ አያልቅም፤ ጉዳዩን ትቶ እስከ በሩ የሚያደርስ ሰው አጥቼ አላውቅም። ያም ሆኖ ብዙ ሰው «ያውና!» ብሎ በጣቱ ያመለክታል፣ ወይም ሳይነግረኝ ክንዴን ይዞ ይጎትተኛል። መተግበሪያው እዚህ ላይ የሚረዳኝ ጥያቄዬን በማሳጠር ነው። «ሆስፒታሉ የት ነው?» ከማለት «ሆስፒታሉ አጠገብ ነኝ፣ በሩ በላይኛው ነው በታችኛው መንገድ?» ማለት ስችል የሚሰጠኝ መልስ አጭርና ልክ ይሆናል፤ ጠያቂውም ተጠያቂውም በእኩል ይነጋገራሉ።

እኔና አንድ የሚያይ ጓደኛዬ አሁን የበሮችን ቦታ መመዝገብ ጀምረናል። የሳተላይቶቹ አሰላለፍ ከሰዓት ሰዓት ስለሚለዋወጥ አንድን በር በተለያየ ሰዓት ደጋግመን እንለካና መካከለኛውን እንወስዳለን። እርሱ ደግሞ ከሳተላይት ፎቶው ጋር ያመሳክራል፤ በተራራማ አገር ፎቶው ራሱ ከቦታው ሸርተት ሊል ስለሚችል ፎቶውን ብቻ አናምንም። ቅድሚያ የሰጠነው ለጤና ተቋማት፣ ለመናኸሪያ፣ ለባንኮችና ለቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች ነው። ለእያንዳንዱ በር የምንጽፈው በሩ በላይኛው ወይስ በታችኛው መንገድ እንደሚከፈት፣ ስንት ደረጃ ወጥቶ ወይም ወርዶ እንደሚገኝ፣ ከፊቱ ዲች ካለ ክዳን እንዳለውና እንደሌለው፣ ከመንገዱ በየትኛው ወገን እንደሆነ ነው። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ሆነ ባቲ ያላችሁ አንባቢዎች በየቀኑ የምትገቡበትን አንድ በር በዚሁ መንገድ ብትመዘግቡ፣ ዓይነ ስውር ጎረቤት ካላችሁም ከመመዝገባችሁ በፊት በዚያ በር ሲገባ በእግሩና በበትሩ የሚያገኘውን ብትጠይቁት፣ እኛ ብቻችንን ከምንሠራው የተሻለ ካርታ ይሆናል።